መልስ በመለመንና ዕውቀትን በመጠየቅ መካከል ስላለው ልዩነት

ልጁ ተምሮ ለራሱም ለአገሩም የሚጠቅም ሰው እንዲሆን የማይመኝ ወላጅ የለም። ነገር ግን ልጅን ትምህርት ቤት ካስገቡ በኋላ የሚከተለው ድካም ከማስገባቱ ድካም ይበልጣል። ሕፃኑ ፊደል በሚቈጥርበት ጊዜ እናቱ ወይም ታላቅ እኅቱ አጠገቡ ተቀምጣ የተሳሳተውን ልታርምለት ትችላለች። አድጎ ፊዚክስንና ምሕንድስናን በጀመረ ጊዜ ግን በቤት ውስጥ የሚያገኘው ርዳታ ያልቅበታል። አባት በንግዱ እናትም በሥራዋ የቱን ያህል ብልሆች ቢሆኑ፥ የድልድይ አግዳሚ ብረት ስንት ክብደት እንደሚችል ወይም የኤሌክትሪክ ኃይል በሽቦዎች መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል ለልጃቸው ለማስረዳት አይችሉም። መምህሩም ቢሆን በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ስለሚጠብቀው፥ የእያንዳንዱን ችግር ለብቻው ለመስማት ጊዜው አይበቃውም።

እንግዲህ አንድ ተማሪ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ አንድ ጥያቄ አልፈታ ብሎት በተጨነቀ ጊዜ ወዴት ይሄዳል ቢባል፥ በዛሬው ዘመን መልሱ የታወቀ ነው። ስልኩን ወይም ኮምፒዩተሩን ከፍቶ በኢንተርኔት ላይ ወደሚገኙት የጠያቂዎችና የመላሾች ማኅበሮች ይሄዳል። እኛ አገር እኩለ ሌሊት ሲሆን በኒው ዮርክ ገና ቀን ነውና፥ ከአንዱ አገር ያለው ቢተኛ በሌላው አገር ያለው ነቅቶ ይቈየዋል። ይህን ያህል መምህር ያለ ደመወዝ በየሰዓቱ ማግኘት አባቶቻችን ያላዩት ዕድል መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም ይኸው መንገድ ለአንዱ የዕውቀት በር ሲሆንለት ለሌላው የስንፍና አልጋ ይሆንበታል። ስለዚህ ሁለቱን የሚለየው ነገር ምን እንደ ሆነ ለወላጆችም ለተማሪዎችም ይጠቅማል ብለን ያሰብነውን በዚህ ገጽ ለመግለጽ ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ይገንዘቡልን።

እንዲህ ያለው የመረዳዳት ልማድ የተጀመረው በቅርብ ጊዜ አይደለም። በ1979 በአሜሪካ አገር በዱክ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች ዩዝኔት የተባለውን የኮምፒዩተር መልእክት መለዋወጫ አሰቡ፤ በሚከተለውም ዓመት ሥራው ተጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ፊዚክስ ብቻ የሚነጋገሩ ሰዎች በዚሁ መለዋወጫ ላይ የራሳቸውን ክፍል አበጁ። በ2001 ፊዚክስ ፎረምስ የተባለው ማኅበር ተቋቋመ። በ2010 ደግሞ ስታክ ኤክስቼንጅ በሚባለው ድርጅት ሥር ለፊዚክስ ብቻ የተለየ የጥያቄና የመልስ ቦታ ተከፈተ። በእነዚህ ስፍራዎች ጡረታ የወጡ መምህራን፥ በሥራ ላይ ያሉ መሐንዲሶችና ትምህርታቸውን ሊጨርሱ የተቃረቡ ተማሪዎች የማያውቁትን ሰው ጥያቄ እያነበቡ በትርፍ ጊዜያቸው ይመልሳሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ከቤተ ሰብ የተነሣ አንድ ምሳሌም አለን። በ2004 ሳልማን ካን የተባሉ ሰው በቦስተን ከተማ ሥራ ይዘው ሲኖሩ፥ በኒው ኦርሊንስ የምትኖር ናዲያ የምትባል የ12 ዓመት ዘመዳቸው ሒሳብ አስቸገራት። ያስቸገራትም አንዱን መለኪያ ወደ ሌላው የመለወጥ ትምህርት ነበረ። እሳቸውም በስልክ እየተነጋገሩና በኮምፒዩተር ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ከሩቅ ያስተምሯት ጀመር። ይህን የሰሙ ሌሎች ዘመዶችም እኛንም አስተምሩን ስላሉ፥ በ2006 ትምህርቱን በተንቀሳቃሽ ሥዕል እየቀረጹ ዩቲዩብ ላይ ያኖሩት ጀመር። በ2008 ይኸው ሥራ ካን አካዳሚ የተባለ ትርፍ የማይፈልግ ድርጅት ሆነ። የአንዲት ልጅ ጭንቀት በሚገባ ስለ ተደመጠ ለብዙ ሚሊዮን ተማሪዎች መማሪያ ተገኘ ማለት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ዘመድዬው የልጅቱን የቤት ሥራ ሠርተው አለመላካቸው ነው። ያልገባት ምን እንደ ሆነ ፈልገው ያንኑ አስረዷት እንጂ።

ይህ ልዩነት ዕውቀት ባለባቸው ማኅበሮች ሁሉ ሕግ ሆኖ ተጽፏል። በፊዚክስ ፎረምስ የቤት ሥራ ክፍል የሚጠይቅ ተማሪ ሦስት ነገሮችን እንዲያቀርብ ይታዘዛል። መጀመሪያ ጥያቄው ሳይጐድል እንደ ተሰጠ፤ ሁለተኛ ለጉዳዩ የሚያስፈልጉት ቀመሮች፤ ሦስተኛ እርሱ ራሱ እስከ ምን ድረስ ሞክሮ የት ላይ እንደ ቆመ። ሦስተኛውን ያላቀረበ ሰው ርዳታ አያገኝም፤ መላሾቹም ሙሉውን ሥራ ሠርተው እንዳያስረክቡት ተከልክለዋል። በፊዚክስ ስታክ ኤክስቼንጅም ቢሆን የቤት ሥራን የመሰለ ጥያቄ የሚፈቀደው፥ ጠያቂው ጥቂት ደክሞበት የቸገረውን አንድ የፊዚክስ ሐሳብ ለይቶ ሲጠይቅ ብቻ ነው። ሒሳቤን እዩልኝ ወይም መልሱን ንገሩኝ ብቻ የሚል ጥያቄ ይዘጋል።

ይህን ሕግ መጀመሪያ የሚያይ ተማሪ ጭካኔ ይመስለዋል። ነገር ግን ሐኪም ሕመምተኛውን የት ላይ ነው የሚያምህ ብሎ ሳይጠይቅ መድኃኒት ቢያዝለት ደግ ሐኪም አይባልም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፥ ሙከራውን የደበቀ ተማሪም ስሕተቱ የተሸሸገበትን ስፍራ የሚያሳየው አያገኝም።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ አንድ ጥያቄ እንመልከት። 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሣጥን ከመሬት 30 ዲግሪ ባዘነበለ ሳንቃ ላይ ይንሸራተታል እንበል። የሰበቃው ልክ 0.2 ነው ተብሏል። የሣጥኑ ፍጥነት በየሰኮንዱ ምን ያህል ይጨምራል ተብሎ ተጠየቀ። ተማሪው 2.94 አገኘ፤ የመጽሐፉ መልስ ግን 3.20 ይላል። ይህ ተማሪ መልሱን ስጡኝ ብሎ ቢጽፍ የሚጠቅመውን ነገር አያገኝም፤ መልሱማ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ተጽፎለታል። ነገር ግን ሥራውን እንዲህ ብሎ ቢዘረዝር ነገሩ ይለወጣል። የሣጥኑ ክብደት 98 ኒውተን ነው፤ ወደ ታች የሚስበው ኃይል የዚህ እኩሌታ 49 ኒውተን ነው፤ ሰበቃው የ98 በ0.2 ብዜት 19.6 ኒውተን ነው፤ የቀረው 29.4 ኒውተን ለ10 ሲካፈል 2.94 ይሆናል።

ይህን ያነበበ ሰው ሕመሙ የት እንዳለ ወዲያው ያውቃል። ደግ መላሽ ከሆነ ግን መልሱን ከመጻፍ ይልቅ ሌላ ጥያቄ ያቀርብለታል። ሳንቃው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቢቆም ሣጥኑ ሳንቃውን ይጫነዋልን? ይለዋል። ተማሪውም አስቦ፥ አይጫነውም፤ ቍልቍል ይወድቃል እንጂ፥ ብሎ ይመልሳል። ይህን ከመለሰ በኋላ ሌላው ቀላል ነው። ሳንቃው ባዘነበለ መጠን ሣጥኑ ሳንቃውን የሚጫንበት ኃይል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሰበቃውን ለማግኘት ሙሉውን ክብደት መውሰድ አይገባም ማለት ነው። በ30 ዲግሪ የሚጫንበት ኃይል 85 ኒውተን ያህል ነው፤ ሰበቃውም 17 ኒውተን ያህል ይሆናል። 49 ሲቀነስ 17 የቀረው 32 ነው፤ ይህም ለ10 ሲካፈል 3.2 ይሆናል። ከዚህ በኋላ ተማሪው አንድ ቍጥር ሳይሆን አንድ ማስተዋል አገኘ። በሚመጣው ሳምንት ሣጥኑ በመኪና ቢለወጥ ሳንቃውም በተራራ መንገድ ቢተካ አይደናገርም።

በሌላ በኩል ደግሞ መልስን እንደ ሸቀጥ የሚሸጡ ሰዎች ተነሥተዋል። የቤት ሥራህን በገንዘብ እንሠራልሃለን እያሉ ተማሪውን ያባብላሉ። ነገሩ የቱን ያህል እንደ ከፋ የሚያሳየው፥ በእንግሊዝ አገር በ2022 የወጣው ሕግ ተማሪው የራሴ ነው ብሎ የሚያስረክበውን ሥራ በገንዘብ ሠርቶ ማቅረብን ወንጀል ማድረጉ ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ቻት ጂፒቲ የተባለው የሚጽፍና የሚያሰላ የኮምፒዩተር መሣሪያ ለሕዝብ ስለ ተከፈተ፥ መልስ ለማግኘት ገንዘብም ሰውም አያስፈልግም ተባለ። ታዲያ መልስ እንዲህ በረከሰበት ዘመን መድከም ለምን ያስፈልጋል? የሚል ተማሪ አይጠፋም።

ለዚህ ጥያቄ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያደረጉት ፈተና ጥሩ መልስ ይሰጣል። በቱርክ አገር ወደ 1000 የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የሒሳብ ልምምድ በሦስት ዓይነት አሠሯቸው። አንዳንዶቹ ያለ መሣሪያ፥ አንዳንዶቹ የተጠየቀውን ሁሉ በሚመልስ መሣሪያ፥ የቀሩትም መልሱን ከመስጠት ይልቅ ፍንጭ እንዲሰጥ በተበጀ መሣሪያ ተለማመዱ። በልምምዱ ጊዜ ሁሉን የሚመልሰውን መሣሪያ የያዙት ውጤታቸው በ48 ከመቶ ከፍ አለ። ነገር ግን መሣሪያው ተወስዶ ሁሉም በየራሳቸው በተፈተኑ ጊዜ፥ እነዚሁ ተማሪዎች መሣሪያ ፈጽሞ ካልነካቸው ጓደኞቻቸው በ17 ከመቶ ዝቅ ብለው ተገኙ። ፍንጭ በሚሰጠው መሣሪያ የተለማመዱት ግን እንዲህ ያለው ጉዳት አልደረሰባቸውም። ይህ ጥናት በ2025 ታትሟል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው የአባቶቻችን ቃል በቍጥር ተመዝኖ እውነት ሆኖ ተገኘ ብንል አናጋንንም።

ደግሞም የምሕንድስና ትምህርት ፍጻሜው የፈተና ወረቀት ሳይሆን የሰው ሕይወት መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በ1981 በሐምሌ ወር በ17ኛው ቀን በአሜሪካ አገር በካንሳስ ሲቲ ከተማ በሀያት ሪጀንሲ ሆቴል ብዙ ሕዝብ ለጭፈራ ተሰብስቦ ሳለ፥ በአየር ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት መተላለፊያዎች ተደረመሱ። 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 የሚበልጡ ቈሰሉ። ምክንያቱ ሲመረመር የተገኘው ነገር አንድ ሰው በገመድ ምሳሌ ሊረዳው የሚችል ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ረጅም ገመድ ይዘው ቢንጠለጠሉ፥ የላይኛው ሰው እጅ የሚሸከመው የራሱን ክብደት ብቻ ነው። ነገር ግን የታችኛው ሰው ገመዱን ትቶ በላይኛው ሰው እግር ላይ ቢንጠለጠል፥ የላይኛው ሰው እጅ የሁለቱን ክብደት ይሸከማል። በሆቴሉም የሆነው ይኸው ነው። በመጀመሪያው ንድፍ ከጣራ እስከ ታችኛው መተላለፊያ የሚወርድ አንድ ረጅም የብረት ዘንግ ነበረ፤ ለሥራው እንዲመች በሁለት አጫጭር ዘንጎች ተለወጠና የታችኛው መተላለፊያ በላይኛው ላይ ተንጠለጠለ። የላይኛው ዳዶ የሚሸከመው ክብደት እጥፍ ሆነ። የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ የከተማው ሕግ ከሚጠይቀው ያነሰ ነበረና፥ ለውጡ ሲጨመርበት አደጋው የማይቀር ሆነ። የሥራው ኃላፊዎች የነበሩት መሐንዲሶች የሙያ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ።

በዚያ ስፍራ የቤት ሥራ የገለበጠ ተማሪ ነበረ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ያ ዳዶ ምን ያህል ክብደት እንደ ተጫነበት የሚጠይቀው ስሌት በምሕንድስና ትምህርት መጀመሪያ ዓመቶች የሚሰጥ ዓይነት ስሌት ነው። የመጀመሪያ ዓመት የቤት ሥራ እንዲህ ያለ ዕዳ ያለበት መሆኑን ያወቀ ተማሪ፥ ከሌላ ሰው ተቀብሎ ለማስረከብ እጁ ይከብደዋል።

አሁን ደግሞ እንዴት መጠየቅ እንደሚገባ ጥቂት እንናገር። ጠያቂው ከሁሉ በፊት ችግሩን በሥዕል ያስቀምጥ፤ በነገሩ ላይ የሚያርፉትንም ኃይሎች በቀስት ያመልክት። ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ሳያልቅ መልሱ ይገኛል። ቀጥሎም ከእያንዳንዱ ቍጥር አጠገብ መለኪያውን ይጻፍ። ወደ ማርስ የተላከችው የአሜሪካ መንኰራኵር በ1999 የጠፋችው አንዱ ወገን የኃይሉን ልክ በእንግሊዝ መለኪያ ሲሰጥ ሌላው ወገን በሜትር ሥርዓት መስሎት ስለ ተቀበለው ነው። ናዲያን ያስቸገራት የመለኪያ መለወጥ ትምህርት ታላላቅ ሊቃውንትንም እንዳሰናከለ ከዚህ ይታያል።

በኢትዮጵያ በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ ብዙ ተማሪዎቻችን ሐሳባቸውን በዚያ ቋንቋ ለመጻፍ እያፈሩ ሳይጠይቁ ይቀራሉ። ይህ እፍረት ከንቱ ነው። በእነዚህ ማኅበሮች ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ስላሉ፥ አጭርና ግልጽ የሆነ አረፍተ ነገር ይበቃል፤ የሒሳብ ምልክትና የቀስት ሥዕልም የሰው ሁሉ ቋንቋ ነው። ቀመሮችን አጥርቶ ለመጻፍ ላቴክ የተባለው የአጻጻፍ ዘዴ በሁለቱም ማኅበሮች ይሠራበታልና፥ ጥቂት ምልክቶችን አስቀድሞ ማጥናት ይጠቅማል። የተጨማደደ ወረቀት ፎቶግራፍ አንሥቶ መላክ ግን አንባቢውን ማስቸገር ነው። ከጓደኞቹ ጋር በቴሌግራም የሚጠያየቅ ተማሪም ይህንኑ ሥርዓት ቢጠብቅ፥ ቡድኑ የመልስ መገልበጫ ከመሆን ድኖ የጥናት ቤት ይሆንለታል።

ከዚህም ጋር ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች አሉ። መላሹ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሰው ስለ ሆነ ሊሳሳት ይችላል፤ የተሰጠውን ሁሉ በራስ እጅ መልሶ ማስላት ይገባል። በፈተና ላይ ያለን ጥያቄ፥ ወይም መምህሩ ብቻችሁን ሥሩ ብሎ ያዘዘውን ሥራ ወደ ማኅበር ማውጣት ማታለል ነው። የተረዳ ተማሪም ሥራውን ሲያስረክብ ማን እንደ ረዳው ለመምህሩ ቢገልጽ ክብሩን ይጨምራል እንጂ አይቀንስበትም። በአደባባይ የተጠየቀውን ጥያቄ ትቶ በግል መልእክት ወደ ሌላ ወሬ የሚስብ ወይም ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲገኝ፥ በተለይ ገና በወላጅ ቤት ያሉ ልጆች መልስ ሳይሰጡ ለቤተ ሰብ እንዲናገሩ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ወላጆች ሆይ፥ እኛ ፊዚክስ አልተማርንምና በዚህ ነገር ምን እንረዳለን አትበሉ። ልጃችሁ የቤት ሥራውን ከጨረሰ በኋላ፥ ና ልጄ፥ ዛሬ የሠራኸውን ለእኔ አስረዳኝ፤ ይህ ቍጥር ከወዴት መጣ? ብላችሁ ጠይቁት። የገባው ከሆነ በሣጥንና በሳንቃ፥ በገመድና በሰው መስሎ ያስረዳችኋል። የገለበጠ ከሆነ ግን እናንተ ስሕተቱን ባታውቁት እንኳ እርሱ ራሱ በመሐል ይቆማል። በዚያን ጊዜ ከመቈጣት ይልቅ የቆመበትን ስፍራ በጽሑፍ እንዲያስቀምጥ ምከሩት፤ በማኅበሩ ፊት የሚያቀርበው እውነተኛ ጥያቄ ያ ነውና። ኢንተርኔት ብዙ ወጪ ይጠይቃል፥ ሌሊት መቀመጥም ጤና ይጐዳል ብላችሁ መሣሪያውን ከመከልከል በፊትም፥ ልጁ የሚለምነው መልስ ነው ወይስ የሚጠይቀው ዕውቀት ብላችሁ መርምሩ።

ተማሪዎችም ተረድታችሁ ካለፋችሁ በኋላ በሩን ዘግታችሁ አትሂዱ። ትናንት እናንተን ያስጨነቃችሁ ጥያቄ ዛሬ ሌላውን ያስጨንቃል። ያስቸገራችሁን ገና ስላልረሳችሁት፥ ከታላላቅ ሊቃውንት ይልቅ እናንተ ለጀማሪው አቅልላችሁ ልታስረዱት ትችላላችሁ። ለሌላ ሰው ሲያስረዱ የተማሩት ትምህርት ደግሞ ከልብ አይጠፋም። ዛሬ ማታ የሚያስቸግራችሁ ጥያቄ ቢኖር ሥዕሉን ሣሉ፥ መለኪያውን ጻፉ፥ እስከ ቆማችሁበት ድረስ ያለውን ሳትደብቁ ዘርዝሩ፤ ከዚያም ያለ እፍረት ጠይቁ።